ያልዋጥኩት ጉርሻ

ሰው ቤቴ ገብቶ ሳይበላ ወጥቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ክትፎ ቤት አለኝ። በሩ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው፤ ሰዉ ግን «ብሉልኝ ቤት» ይለዋል። እኔ ደስታ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ «ኧረ ብሉልኝ፣ ምነው ተዋችሁት» ስል ስለምውል ነው። መኪና ሊያመልጠው የደረሰ ሰው እንኳ ከእጄ አንድ ጉርሻ ሳይቀበል ከበር አይወጣም። አንድ የሚኒባስ ሹፌር «እትዬ ደስታ፣ እርስዎ ሰው የሚለቁት እንቅልፍ ሲወስደው ነው» ብሎኛል። እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር እንዳታኝክ ተከለከለች።

ነገሩ የጀመረው ከሆዴ ነው። ጠዋት ልክ የነበረው ቀሚሴ ማታ ዚፑ አልዘጋ ይላል። ምሳ ከበላሁ በኋላ ሆዴ እንደ ከበሮ ይወጠርና ከዚያ ማውራት ይጀምራል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ጸጥ ሲል የሚሰማው የኔ ሆድ ብቻ ነው። አንዲት ጎረቤቴ አንድ ማታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ሣራም በእርጅናዋ ወልዳለች» አለችኝ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ወሬው ወደ ገበያ ሳይወርድ ቶሎ መታከም ነበረብኝ።

ታከምኩም። ጨጓራ ነው ተባልኩ፣ ጃርዲያ ተባልኩ፣ አሜባ ተባልኩ፣ ታይፎይድም አልቀረኝም። ለሁሉም ኪኒን ዋጥኩ። በመጨረሻ ልጄ ናሆም አዲስ አበባ ወስዶ አንዲት ልጅ እግር ሐኪም ፊት አስቀመጠኝ። ሐኪሟ ጣፋጭ ውሃ አጠጣችኝና በቱቦ ደጋግሜ እንድተነፍስ አደረገችኝ። ውጤቱን ስታይ ፈገግ አለች።

«እትዬ፣ ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። የርስዎ ግን ሰፈሩን ለቋል» አለችኝ። ታች ትልቁ አንጀት ውስጥ መኖር የሚገባው ባክቴሪያ ወደ ላይ፣ ወደ ቀጭኑ አንጀት ወጥቶ እዚያ ተባዝቷል። የምበላውን ምግብ ገና ሳልጠቀምበት እሱ ይሻማኛል፤ ከበላ በኋላ ደግሞ ጋዝ ይሠራል።

«እኔ ሳላውቅ ደንበኛ አፍርቻለሁ ማለት ነው» አልኳት።

«አዎ። ሲጠግብ የማይነሳ ደንበኛ» አለች።

የባክቴሪያ መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ሄደ፣ ተመለሰ። ሌላ ሰጠችኝ፤ ሄደ፣ ተመለሰ። በሦስተኛው ስለ ዱቄቱ ነገረችኝ። በውሃ የሚበጠበጥ ምግብ ነው። ፕሮቲኑም፣ ስኳሩም፣ ቅባቱም አስቀድሞ ተሰባብሮ ያለቀ ስለሆነ ሰውነት ገና ከላይ ከላዩ መጥጦ ይጨርሰዋል።

«ባክቴሪያው ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም። እርስዎ ይኖራሉ፣ እሱ በረሃብ ያልቃል።»

«ከሱ ሌላስ ምን እበላለሁ?»

«ውሃ።»

ዱቄቱ እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ የእህቴ ልጅ ከውጭ በሚመጣ ሰው አስላከችልኝ፤ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ብቻ። ጣዕሙን ልንገራችሁ። የቫይታሚን ኪኒን ምላሳችሁ ላይ ረስታችሁት ታውቃላችሁ? እሱን በሳሙና ውሃ በጥብጡት። በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰውና ልገላገለው እንዳልል ሐኪሟ «ቀስ ብለው፣ እየተጎነጩ» ብላኛለች።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥርሴ ሥራ ፈቶ ከንፈሬን መንከስ ጀመረ። ኩሽና ውስጥ ቅቤ ሲቀልጥ ወደ ጓሮ እሸሻለሁ። ይባስ ብሎ ደንበኞቼ መጠርጠር ጀመሩ። ባለቤቷ የራሷን ክትፎ የማትቀምሰው ምን አይታበት ነው ተባለ። ሥራዬ ሊበላሽ ሆነ። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ባዶ አፌን እያኘክሁ በጠረጴዛዎቹ መሃል መዞር ጀመርኩ። አልፎ አልፎ ጣቴን እልሳለሁ። እንዴት እንደተካንኩበት ብታዩ። አንድ ደንበኛ «እትዬ ደስታ ዛሬ ምን አግኝተው ነው እንዲህ የሚያጣጥሙት?» ብሎ ያንኑ ምግብ አምጡልኝ አለ።

በዚህ መሃል ናሆም ደወለ። ናሆም ዱራሜ የግብርና ባለሙያ ነው። እዚያ ሰላም የምትባል መምህርት ወዷል። ሽማግሌዎች ሄደው እሺታ አግኝተዋል፤ የቀረው ሁለቱ ቤተሰቦች በልጅቷ ወላጆች ቤት አብረው በልተው እንዲተዋወቁና የሠርጉ ቀን እንዲቆረጥ ነው።

«ለቅዳሜ ተቀጥሯል እማዬ» አለኝ።

«ቅዳሜ ዱቄት ላይ ነኝ።»

«ዘመዶቻቸው ከሩቅ ተጠርተዋል፣ አይቀየርም። ችግር የለውም፣ ንገሪያቸው። የሰላም እናት ነርስ ናት፣ ይገባታል።»

«ገና በመጀመሪያ ቀኔ አማቶቼ ፊት ቆሜ ስለ ፈሴ ላውራ? አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ክትፎ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ።»

ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። «አንድ ጉርሻ ብቻ ብዋጥ?» አልኳት። «ለርስዎ አንድ ጉርሻ ነው፣ ለሱ ድግስ ነው። ዱቄቱ ደግሞ ትርፍ የለንም» አለችኝ። ሊራብ የደረሰ ጠላቴን በራሴ እጅ ላጎርሰው አልፈለግሁም።

ስለዚህ ታላቅ ወንድሜን ጠራሁት። ጋሼ ለማ ጡረተኛ ነው፤ አካሉም ሰፊ ነው፣ አበላሉም። እቅዱ ቀላል ነበር፤ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ከአንድ ትሪ እንበላለን፣ እኔ እጄን ወደ አፌ እያመላለስኩ አየር አኝካለሁ፣ የኔን ድርሻ እሱ ይጨርሳል።

«ይህን እንደ ችግር ነው የምትነግሪኝ?» አለ ለማ። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን ሳይበላ መጣ።

በአንጋጫ በኩል ሄድን። ከቤተሰባችን ጥቂት ሰዎች ሆነን ተከራይተን በሄድንበት ሚኒባስ ውስጥ እኔ ከፔርሙዜ እየተጎነጨሁ፣ ለማ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ እያላላ ዱራሜ ደረስን፤ ናሆም እዚያ ተቀበለን።

ቤቱ ንጹሕ፣ ግቢው በእንሰት የተከበበ ነበር። የሰላም እናት ወይዘሮ ማርታ በሩ ላይ ወጥታ አቅፋ ሳመችን። የሰላም አባት ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ እያለ አስገባን። ሰላም ናሆም ባሳየኝ ፎቶ ላይ ካየኋት ይበልጥ ታምራለች። ከኩሽናው ወደ ሳሎን በሚያስገባው በር አጠገብ ደግሞ አንዲት ትንሽ አሮጊት በርጩማ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«እናቴ ናቸው፣ እማማ አስቴር» አለች ማርታ።

ዝቅ ብዬ ሳምኳቸው። ፊቴን አላዩኝም። አንገቴን ነው ያዩት። ጌጤን ወደውት ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ጸሎት ተደርጎ ምግቡ ቀረበ። ክትፎው በጣባ፣ ቆጮው በስሱ ተጋግሮ፣ አይቡ፣ ጎመኑ፣ በቅቤ የራሰ የቡላ ገንፎ። ሥራዬ ነውና ምግብ ሳይ አውቃለሁ፤ የኔ ቤት ክትፎ እዚህ ቢመጣ አንገቱን ይደፋ ነበር። ለማና እኔ አንድ ትሪ ላይ ቀረብን። ቆጮውን ቆርሼ፣ በክትፎው ጠቅልዬ፣ ወደ አፌ አደርስና ከንፈሬን ዘግቼ ጥርሴን አንቀሳቅሳለሁ፤ እጄ ሲመለስ ጉርሻው ለማ በኩል ያርፋል። ለማ ያነሳዋል። ሁሉም ነገር እንደ ዘይት ይሄዳል።

ችግሩ ማርታ የኔ ቢጤ መሆኗ ነው። ትሪው ጎደል ባለ ቁጥር ትጨምራለች። «ኧረ ብሉልን፣ ምነው አልወደዳችሁትም?» ትላለች። ይህን ቃል በሰው ላይ ስወረውር ኖሬ ሲወረወርብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ለማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ደስታ፣ እኔም ሆድ አለኝ።»

«ለናሆም ብለህ ብላ።»

«ናሆም የሚያገባው አንዴ ነው። እኔ ልሞት ነው።»

ሳቄን ለመደበቅ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል እማማ አስቴር ያዩኛል። ዓይናቸው አሁንም አንገቴ ላይ ነው። ወደ ማርታ ዘወር ብለው በከምባትኛ አንድ ነገር አሏት። እኔ ቋንቋዬ ሀዲይኛ ነው፤ ሁለቱ ስለሚቀራረቡ ሌላው ቢያመልጠኝም አንዲት ቃል ገባችኝ። ጉሮሮ ነው ያሉት።

ከዚያ ተነሱ። እጃቸውን ታጠቡ። ወደኛ ትሪ መጡና በራሳቸው እጅ ጠቅልለው፣ ቅቤው በጣታቸው መሃል እየወረደ፣ ጉርሻውን ወደ አፌ አቀረቡ። ቤቱ ሁሉ በፈገግታ ያያል። ለአሮጊት ጉርሻ አፍ አይዘጋም። ከፈትኩ።

ከአንድ ሳምንት በላይ ዱቄት ብቻ የቀመሰ ምላስ ላይ እንዲህ ያለ ክትፎ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ልገልጽላችሁ አልችልም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ያም ሆኖ ሐኪሟን አሰብኩና ጉርሻውን በምላሴ ገፍቼ ጉንጬ ውስጥ ከተትኩት። የመዋጥ ምልክት አሳየሁ። «እጅዎ ይባረክ» በሚመስል ድምፅ አጉተመተምኩ። ከዚያ ሳል ያዘኝ፤ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ አድርጌ ሁለቴ ሳልኩ። ሳሉ ሲያበቃ ጉንጬ ባዶ ነበር። በልቤ ራሴን አደነቅሁ።

ነጠላዬን ዝቅ ሳደርግ እማማ አስቴር አንጓዬን ያዙኝ። ለአሮጊት እጃቸው ጠንካራ ነው።

«ጎበዝ ነሽ» አሉኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። «ብዙ ሰው ሳሉን አያውቅበትም።»

ነጠላውን ዘረጉት። ጉርሻው ቁጭ ብሏል።

እማማ አስቴር ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ።

«የኔን ምግብ በነጠላ የወሰዱ አሉ። በመሐረብ የወሰዱም አሉ። አንዱ ቆቡ ውስጥ ነው የከተተው፣ ቅቤው በግንባሩ ወረደ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ እኔም ሠርቻለሁ። ልጄ ተምራ ነርስ ሆነች፣ መምህር አገባች፣ ይህን ቤት ሠራች። እኔ አሁንም እንግዳ ሲመጣ እዚህ ተቀምጬ ጉሮሮ አያለሁ። የሚውጥና የማይውጥ በጉሮሮ ነው የሚለየው።»

የኛን አካባቢ ለማታውቁ፦ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎችን ማሰሮና ጣባ ሁሉም ይገዛ ነበር፤ አብሯቸው የሚበላ፣ ከእጃቸው የሚቀበል፣ ልጁን የሚድርላቸው ግን አልነበረም። አሁን ቀርቷል እንላለን። ቤተ ክርስቲያንም ቢሮም ቀርቷል ይላል። እኔም ቀርቷል ስል ነበር።

ናሆም ይህን አልነገረኝም ነበር። ኋላ ስጠይቀው «ሊነገር የሚገባው ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም» አለኝ፤ እውነቱን ነው። በዚያች ሰዓት ግን የሚያየኝ እናቱን እንደሚያይ አልነበረም። ሰላም ተነሳችና ምንም ሳትናገር ጣባዎቹን ከፊታችን ማንሳት ጀመረች። ለማ በእጁ የያዘውን ቆጮ ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ተነሳሁ። ሌላ መንገድ አልነበረም።

«እማማ» አልኩ፣ «ሆዴ ይነፋል።»

አንድ ወጣት ከጀርባ ሳቅ አፈነ። ቀጠልኩ። በአማቶቼ፣ በሽማግሌዎቹ፣ ከሩቅ በተጠሩት ዘመዶች ፊት ስለ አንጀቴ ተናገርኩ። ባክቴሪያው ከታች ወደ ላይ መውጣቱን፣ የምበላው ሁሉ ጋዝ መሆኑን፣ ጎረቤቴ እርጉዝ ናት ማለቷን፣ ጸሎት ላይ የሚሆነውን፣ በቱቦ መተንፈሴን፣ ዱቄቱን፣ በባዶ አፍ ማኘኬን፣ ለማን ቁርስ ሳይበላ ማምጣቴን። «ፈስ» የሚለውን ቃል በጨዋ ቃል ልለውጠው ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ስጨርስ እማማ አስቴር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሚከለክል ነገር ሁልጊዜ አለ። አንዱ ጾም ላይ ነኝ አለኝ። አንዷ ጥርሴን አሞኛል አለችኝ። ያንቺ ግን ረዘም ይላል።»

ዓይኔን ሳንከራትት ጥግ ላይ ያለ መደርደሪያ አየሁ። ከላስቲክ አበባው ጎን ትናንሽ የሸክላ ኩባያዎች ተደርድረዋል።

«እነዚያን እርስዎ ነዎት የሠሯቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«በአንዱ ውሃ ይስጡኝ። በእጅዎ ይቅዱልኝ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ኩባያውን አውርደው፣ በእጃቸው ጠርገው፣ ቀዱልኝ። ማርታ ነርስ ናትና በዚያ ሁሉ መሃል «የፈላ ነው» ማለት አልረሳችም። ከቦርሳዬ ዱቄቱን አውጥቼ በጠበጥኩና መጎንጨት ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ ሐኪሟ እንዳለችው። አሮጊቷ ፊቴ ቆመው ጉሮሮዬን ይቆጣጠራሉ። ወደ ታች ሲወርድ አዩ፤ ደግሞም አዩ።

«ስጪኝ» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ እንኳን ይቅርብዎ።»

«ስጪኝ አልኩሽ።»

ተጎነጩ። ፊታቸው ላይ ያለው መጨማደድ ሁሉ ወደ መሃል ተሰበሰበ። ጉንጫቸው ሞልቷል፤ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ የሚተፉበት አጡ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ አንስተው አፋቸው ላይ አደረጉና ሳሉ። ሳላቸው እንደኔ ያማረ አልነበረም።

መጀመሪያ የሳቀችው ማርታ ናት። ቀጥሎ አባትየው። ሰላም ጣባ እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እማማ አስቴር አፋቸውን ጠርገው ሲጨርሱ፣ «ይህን የምትጠጣ ሴት የኔን ክትፎ ንቃ አይደለም» አሉ። «ታማ ነው። በጣም ታማ ነው።» ከዚያ ኩባያውን ወደ ለማ ዘረጉ። «አንተስ?»

«እማማ» አለ ለማ፣ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ «እኔ ጋ እንኳን ለዱቄት ለአየርም ቦታ የለም።»

ቤቱ እንደገና ሞቀ፤ ጣባዎቹም ተመለሱ። የሠርጉ ቀን ይቆረጥ ሲባል ግን አሮጊቷ እጃቸውን አነሱ።

«ግማሹን አምኛለሁ» አሉኝ። «መድኃኒትሽ ሲያልቅ ነዪ፤ ሰው ሳታስከትዪ። እኔ አበስላለሁ፣ አንቺ ትበያለሽ። ቀኑ ከዚያ በኋላ ይቆረጣል።»

አንዳቸውም አልተቃወሟቸውም፤ እኔም አልተቃወምኩም።

ስንመለስ ለማ አንጋጫን እስክናልፍ ሆዱን ይዞ በመስኮት ያያል። ምግቡ ከብዶት መስሎኝ ነበር።

«ስለ ቤተሰቡ ታውቂ ነበር?» አለኝ በመጨረሻ።

«አላውቅም ነበር።»

«እኔም አላውቅም ነበር።» የቀኝ እጁን አገላብጦ አየና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ፣ «የሁለት ሰው ነው የበላሁት» አለ።

«እና?»

አሰበበት። «እና ምንም። ካንቺ ክትፎ ይበልጣል» አለና እጁን ከኪሱ አወጣው። እስካሁን ስለዚህ ነገር ሌላ ቃል አልተናገረም።

ናሆም በማግስቱ ደወለ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ወይም ይቅርታ ጠይቂኝ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የጠየቀኝ ሌላ ነገር ነው።

«እማዬ፣ ጤነኛ ሆነሽ፣ ማን እንደሆኑም እያወቅሽ ቢሆን ትውጪው ነበር?»

«እንዴታ» አልኩ። ፈጥኜ ነው ያልኩት። ስልኩን ስዘጋው እንደፈጠንኩ ገባኝ።

የቀሩትን ቀናት ከዱቄቱና ከዚህ ጥያቄ ጋር አሳለፍኩ። ማኘክ የማይችል ሰው ለማሰብ ብዙ ጊዜ አለው። የኔን ክትፎ የሚሸከሙት ጣባዎች ከሾኔ በኩል ነው የሚመጡት። የምታመጣልኝ ሸክላ ሠሪ ሴት ጓሮ በር ላይ ታወርዳለች፣ እዚያው ትቆማለች፣ ትሄዳለች። እኔ የሰከረ ሹፌር ሳይቀር ካልበላህ ብዬ የምይዝ ሴት ነኝ፤ እሷን አንድ ቀን ይዣት አላውቅም። ክፉ ቃል ተናግሬያት አይደለም። አልታየችኝም።

በዚያው ሳምንት መጣች። ወጥቼ እጇን ያዝኩና «ዛሬ ሳትበዪ አትሄጂም» አልኳት። ደነገጠች። «እቸኩላለሁ» አለችኝ። አይሆንም ብዬ ወደ ውስጥ አስገብቼ ከደንበኞች መሃል አስቀመጥኳትና ክትፎ አቀረብኩ። እጇን አልዘረጋችም። ምግቡን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ በእጄ የያዝኩትን የዱቄት ብርጭቆ አየችው።

«እርስዎስ?» አለችኝ።

«እኔ አልችልም፣ ተከልክያለሁ።»

ፈገግ አለች። «እሺ፣ እርስዎ ሲችሉ እኔም እችላለሁ» ብላ ተነስታ ሄደች። በቤቴ ታሪክ ከፊቴ ሳትበላ የወጣች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። አሁን አንዳንድ ቀን ገብታ ትበላለች፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ትቸኩላለች። እንደ ልቧ ነው። እኔም ሰው ማስገደዱን ቀነስ አድርጌያለሁ፤ ደንበኞቼ ታመመች እንዴ ይላሉ።

ስለ ሆዴ ማወቅ ለምትፈልጉ፦ ዱቄቱ ሠርቷል። ዚፔ ማታም ይዘጋል፣ ጸሎት ላይም ጸጥ ብለናል። አልፎ አልፎ ያጉረመርማል፤ ሐኪሟ ሊመለስ ስለሚችል እንከታተለዋለን ብላኛለች። እናንተ ግን ሆዴ ነፋኝ ብላችሁ ይህን ነገር ያለ ሐኪም እንዳትሞክሩት። ከጣዕሙ የተነሳ የምትሞክሩት አይመስለኝም እንጂ። ናሆምና ሰላምም ተጋብተዋል። ለማ ሠርጉ ላይ እማማ አስቴር አጠገብ ነበር የተቀመጠው፤ በራሱ ምርጫ።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለዚያ ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችሁ «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ያላችሁት እውነት መሆኑን የሚያውቀው ግን አፋችሁ አይደለም። ስለዚህ ዱቄቱ ካለቀ በኋላ ዱራሜ የሆነውን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ሐኪሟ በለስላሳ ነገር ይጀምሩ፣ በትንሽ በትንሹ ብላኝ ነበር። ማርታ ይህን ለእናቷ ነግራለች። እማማ አስቴር በርጩማቸው ላይ ሆነው ጠበቁኝ። ፊታቸው ያለው አንድ የተቀቀለ እንቁላልና የተፈጨ ድንች ነው።

«ይህን ለማብሰል ነው እንግዲህ ስጠብቅሽ የከረምኩት» አሉ እየተማረሩ። «ሕፃን ልጅ የሚበላው።»

እንቁላሉን በጣቶቻቸው ሰባበሩት፣ ከድንቹ ጋር አደባለቁት፣ ጠቅለል አድርገው አጎረሱኝ። ከእኔና ከሳቸው በቀር ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። አኘክሁ። ከዚያ ለመዋጥ ስል ጉሮሮዬ ቆመ። ለቅጽበት ያህል ነው። ሁለት ሳምንት ሥራ ፈቶ ስለከረመ ይሆናል። ወይም ደግሞ በልጅነቴ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ሌሎች እንዴት እንደሚያደርጉ አይቼ የተማርኩት ነገር ይሆናል። እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉሮሮዬን ገፋሁት። ዋጥኩ።

እማማ አስቴር አይተውታል። ከሳቸው የሚያመልጥ ነገር የለም። አልተቆጡም። ወደ ትሪው ጎንበስ ብለው ሌላ ጉርሻ መጠቅለል ጀመሩ።

«ያ የዋጥሽው ለልጆቹ ሠርግ ነው» አሉኝ። «አሁን ለራስሽ የምትውጪውን እንይ።»